የአምስተኛው ሰው ሻይ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የቤሪል ቤት ተቃጠለ፣ ሐሙስ ጠዋት ቤሪል ሆስፒታል ውስጥ ሞተች፣ የሆልምስዊክ የእሳት አደጋ መኪና ግን ሞተሩ ተነስቶ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ከጣቢያው ሳይወጣ ቀረ፣ ሦስት ሰው ነበረው፣ አራት ያስፈልገዋል፣ አራተኛው ሰው አልመጣም፣ ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው ይላል ዴንዚል ሆብዴይ ለራሱ፣ አራተኛው ሰውማ ይኸው ዛሬ መጥቷል፣ ሰኞ፣ በልምምድ ምሽት፣ ማንም ሳይጠራው፣ ከሁሉ ቀድሞ፣ ጥግ ላይ ቆሞ ውሃ ያፈላል።

ውሃ ያፈላል!

እጁን እየው። ሜሪክ ቶለር ኩባያዎቹን እንደ ወትሮው ይደረድራል፣ የሎርና ያለ ስኳር፣ የዌይን ሦስት ማንኪያ፣ የአለቃው ሁለት፣ አለቃው እኔ ነኝ፣ የዚህ ጣቢያ አለቃ፣ ቀን ቀን ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ሥር የምተኛ፣ የጥሪ መሣሪያው፣ ፔጀሩ፣ ሲጮህ የምሮጥ፣ ሃያ ምናምን ዓመት የማንንም ከብት ከቦይ፣ የማንንም ሰካራም ከተገለበጠ መኪና ሳወጣ የኖርኩ፣ የገዛ እህቴ ቤት ሲቃጠል ግን እጄን አጣጥፌ የቆምኩ፣ ማየትስ መቼ አየሁት፣ ከዚህ የቤሪል ሰፈር ዊዚ ኤንድ አይታይም፣ ጭሱ ነው የታየው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በላይ፣ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ የሣር ክዳን ጭስ ሌላ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ይንከባለላል እንጂ አይወጣም፣ ያን ቀለም ያየ ሰው ክዳኑ ከውስጥ መያዙን ያውቃል፣ ዴንዚል ያውቃል፣ አውቆ ቆመ።

ወይዘሪት ኩዌል ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣችው ጫማዋን አስወልውላ ነው። ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጣለች፣ ሐዘናችንን በድጋሚ እንገልጻለን ብላለች፣ በድጋሚ፣ የመጀመሪያው መቼ ነበር፣ አዎ በስልክ፣ ለአቶ ሆብዴይና ለቤተሰባቸው፣ ቤተሰብ የቱ ነው፣ ቤተሰቡ ቤሪል ነበረች፣ እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ትምህርት ቤት ነበር፣ ቤሪል ናት ምሳ የቋጠረችለት፣ ቤሪል ናት ፀጉሩን በስፌት መቀስ የቆረጠችው፣ ጆሮውንም አንዴ ነክታዋለች፣ ጠባሳው አለ፣ አሁን እየነካው ነው፣ እጅህን አውርድ፣ ሰው ያይሃል።

ዴንዚል፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ትላለች ሎርና ከጎኑ፣ ዝቅ ብላ፣ ዛሬ ጠዋት ሱቅ ውስጥ...

ቆይ ሎርና።

ሱቅ ውስጥ ምን ይወራል መቼም፣ ሎርና ክሪችሊ ቴምብርና ዳቦ ትሸጣለች፣ ከዳቦው ጋር ወሬ በነፃ ነው፣ የቤሪል ነገር ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በየዳቦው መሀል ተቀብቷል፣ አልሰማም፣ ዛሬ የምሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ከዚያ ሰውዬ አፍ፣ እሱ ደግሞ አፉን ዘግቷል። ጠየቀችው ወይዘሪት ኩዌል፣ አቶ ቶለር፣ ማክሰኞ ዕለት ዝግጁ ነኝ ብለው አስመዝግበው ነበር፣ ፔጀርዎ ይሠራ ነበር? ይሠራ ነበር አለ፣ ሰምተውታል? ሰምቻለሁ፣ ታዲያ ምን ሆነ? ዘገየሁ አለ። ብቻ፣ ዘገየሁ፣ ሌላ የምለው የለኝም፣ አለና ማንቆርቆሪያው ሲጮህ ተነስቶ ሄደ። እንደ ባቡር ነው ያወራው፣ ባቡሩ ዘገየ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ቀጣዩን ይጠብቁ።

ለእሷ ምን ብለው ያስረዷታል፣ ከተማ ውስጥ ያሉት እሳት አጥፊዎች የወር ደሞዝተኞች ናቸው፣ ጣቢያቸው ውስጥ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ መኳኳያ መስታወት ሳይቀር አላቸው ይላል ዌይን፣ እዚህ ግን ሁሉም የራሱ ሥራ አለው፣ ዌይን ስተርጅስ የሰው አጥር ይከረክማል፣ ሜሪክ ታችኛው ወፍጮ ጋ አሳማ ያረባል፣ ፔጀሩ ሲጮህ ሎርና ሂሳብ የሚሰጣትን ሰው አፉን እንደከፈተ ጥላው ትወጣለች፣ ሁሉም በየመኪናው ይበራል፣ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ የሚርቅ ሰው አይቀጠርም፣ መኪናዋ ደግሞ ለነዚህ ጠባብ መንገዶች የተሠራች ትንሽ ናት፣ አራት ወንበር አላት፣ ቀድመው የደረሱት አራቱ ይወጣሉ፣ አምስተኛው ቆሞ ይሸኛል። ከአራት በታች ደግሞ መውጣት የለም። ባለፈው ዓመት ትራክተር ሥር የገባው ልጅ ጊዜ ዴንዚል በሦስት ሰው ወጣ፣ ልጁን አወጡት፣ እግሩ ተረፈ፣ በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፣ የተቀመጠውን ዝቅተኛ የሰው ኃይል ባለማሟላት የባልደረቦችዎን ደኅንነት፣ ምናምን ምናምን፣ ዳግመኛ ቢከሰት ጣቢያው ከአገልግሎት ውጪ ይደረጋል። የልጁ እናት ኬክ ጋግራ አመጣች። ደብዳቤውን ከኬኩ ጋር ያነበቡት ይመስለዋል፣ ሳቁ ያኔ፣ ተሳቀ።

ማክሰኞ ግን አልተሳቀም።

ማክሰኞ ፔጀሩ ሲጮህ የቄሱን መኪና ፍሬን እየጠገነ ነበር፣ ጋራዡ ከጣቢያው ጀርባ ነው፣ ሁልጊዜ አንደኛ ነው፣ በሩን ከፈተ፣ አድራሻው ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ዊዚ ኤንድ፣ ከኩሬው ጎን ያለው ቤት፣ የሣር ክዳን፣ ውስጥ ሰው አለ። አነበበው። እንደገና አነበበው። ሎርና ገባች፣ ፊቱን አይታ ስክሪኑን አየች፣ ልብሷን መልበስ ጀመረች፣ ዌይን ሦስተኛ ገባ፣ እየተራገመ፣ የዚህ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር እናቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ልጅ እያወረደ ቆልፎ ያዘኝ፣ መንገዱ የአባቱ ነው፣ ካለ በኋላ ነው ስክሪኑን ያየው፣ ነዳጅ ረገጠ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ተቀመጡ፣ አናጢው ኮሊን በዚያው ጠዋት ወገቡን ታሞ ተኝቷል፣ እና ቀሪው አንድ ሰው ነው፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ቀበቶው ተንጠልጥሏል፣ ሦስቱም ወደ በሩ ያያሉ፣ ወደ መንገዱ፣ መንገዱ ባዶ ነው።

ሬዲዮው ላይ ያለችው ልጅ ድምጿ ቀጭን ነው፣ ሆልምስዊክ ስንት ናችሁ፣ ሦስት፣ አራተኛውን ጠብቁ፣ ከከተማ መኪና ተነስቷል። ከከተማ፣ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ዌይን ዞሮ አየው፣ ዴንዚል፣ ልንዳው? አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፣ ንዳው፣ ከዚህ አፍ፣ አልወጣም፣ ደብዳቤው ትዝ አለው፣ ጣቢያው ይዘጋል፣ ነገ የሌላው ሰው ቤት ሲቃጠል ማን ይወጣል፣ ትክክል ነበር፣ ትክክል ነው፣ ሜሪክ ደግሞ አሁን ይደርሳል፣ ሁልጊዜ አምስተኛ ሆኖ ይደርስ ነበር አይደል፣ ዘገምተኛ ነው እንጂ ቀሪ አይደለም፣ አሁን ይመጣል፣ ይህን ዛፍ ሲያልፍ ይታያል ብሎ ዛፉን አየ፣ ቀጥሎ ሌላውን ዛፍ አየ። ቤቷ ደወለ፣ አይነሳም። የሜሪክ ቤት ደወለ፣ አይነሳም፣ ተንቀሳቃሹ አይሠራም፣ ከመንደሩ ግርጌ በታች የትኛውም ስልክ አይሠራም። አድራሻው የእህቴ ነው ብሎ ለሬዲዮዋ ልጅ አልነገራትም። ምን ይለውጣል፣ ሐዘኗን ትገልጽለት ይሆናል፣ በድጋሚ።

ያወጣት ፖስተኛው ነው፣ ብቻውን፣ በመስኮት፣ ሁለት እጇን ይዞ ጎትቶ፣ ቀድሞ ሁለት ሰው መሰላልና የመተንፈሻ መሣሪያ ይዞ ቢደርስ፣ ዶክተሩ አለ፣ ቢደርስ፣ ሳንባዋ ነው፣ ጭሱ ነው፣ ትንሽ ቢቀድም። ትንሽ የሚባለው ስንት ነው ዶክተር? አልጠየቀውም።

ቤሪል የእሳት አደጋ መኪናዋ ባለፈች ቁጥር አጥሩ ጋ ትወጣ ነበር፣ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ታውለበልባለች፣ ዌይን ጡሩምባ ይነፋላታል፣ ማታ ትደውላለች፣ ዴንዚል፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ድመት አወረዳችሁ፣ ወሬኛ፣ ስትመለሱ ቀስ ብላችሁ ነው የምትመለሱት፣ እንደ ሙሽራ፣ አይቼሃለሁ ክንድህን በመስኮት አውጥተህ። ጭስ ማውጫሽን አስጠርጊ ቤሪል፣ እርጥብ እንጨት አታንድጂ፣ እሺ ጌታዬ፣ የእሳት አለቃው ተናገረ፣ ደግሞ ለምን እሰጋለሁ፣ ወንድሜ አምስት ደቂቃ ላይ ነው ያለው፣ ትል ነበር፣ ለሁሉም ሰው፣ ለቄሱ ሳይቀር። ማክሰኞም ሳትጠብቅ አልቀረችም። ጡሩምባውን። ይህን አታስብ። ይህን ዛሬ አታስብ፣ ሌላ ጊዜ፣ አሁን ሰውዬውን እይ።

ሻዩ መጣ። ለወይዘሪት ኩዌል በሳህን፣ ለእኛ በኩባያ። ለራሱ በዚያች፣ አምስት ቁጥር በተጻፈባት፣ ደግሞ ድፍረቱ፣ በዚህ ቀን እንኳ ሌላ ኩባያ አጥቶ ነው። ለገና በዓል ነው የተገዛችለት፣ ዴንዚል ራሱ ነው የገዛት፣ መጠጥ ቤቱ ውስጥ፣ ሁሉም ባለበት፣ ልማዱ የቆየ ነው፣ አምስተኛ የደረሰ ወንበር የለውም፣ ስለዚህ ወለሉን ይጠርጋል፣ ለተመላሾቹ ሻይ ያፈላል፣ ዴንዚልም በጊዜው አፍልቷል፣ ሁሉም አፍልቷል፣ ነውር የለውም፣ ሜሪክ ግን ቤቱ ከሁሉ የራቀ ነው፣ መኪናውም አሮጌ፣ በር ላይ ሲደርስ እነሱ ሲወጡ ይገናኛሉ፣ ዌይን በመስኮት አንገቱን ያወጣል፣ ሻዩ! አደራ እንዳይቀዘቅዝ! ሲመለሱ ደግሞ፣ አሳማዎቹን አስፈቅደህ ነው አይደል የምትመጣው፣ አመዱ ሲቀዘቅዝ ድረስልን፣ ሻዩ የሚለው ስም እንደዚያ ነው የወጣው፣ አሁን ሱቅ ውስጥ ሕፃናት ሳይቀሩ ሻዩ ነው የሚሉት። ይስቃል እሱም። ገና ጊዜ ኩባያዋን ከወረቀቱ ፈትቶ ሲያያት ሳቀ፣ አገላብጦ አያት፣ አመሰግናለሁ አለ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ሰው ሲቀልዱበት የሚስቅ ሰው ቀልድ አይጎዳውም። ጎድቶት ቢሆን ይናገር ነበር፣ ምላስ አለው አይደል?

ከገና ወዲህ ነው የባሰው። ከነጭራሹ መምጣት ተወ፣ ልምምድ ላይ ይመጣል፣ ጥሪ ላይ ግን የለም፣ ሲመለሱ ወለሉ እንዳልተጠረገ ያገኙታል፣ አንድ ቀን ጠየቀው፣ ሜሪክ፣ ቅዳሜ የት ነበርክ፣ ስታልፉ አየኋችሁ፣ ከሞላችሁ ምን ልሠራ ብዬ ተመለስኩ፣ አለ። ሻዩን ማን ሊያፈላ ነው ታዲያ? አለው ዴንዚል፣ ዌይን ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሜሪክም ፈገግ አለ፣ በዚያው አለፈ። ያን ጊዜ ማባረር ነበረበት። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ቢፈልግ፣ ስንፍናውን ያኔ ቢያይ ኖሮ፣ ቤሪል አሁን ቤቷ ተቀምጣ ስለ ጭስ ማውጫው ትዋሸው ነበር።

አቶ ሆብዴይ፣ ትላለች ወይዘሪት ኩዌል፣ ኩባያውን ሳትነካ፣ እንደሚያውቁት ጉዳዩ የጣቢያው አለቃ አስተያየት ይፈልጋል፣ አቶ ቶለር በአገልግሎቱ ይቀጥሉ ወይስ ይሰናበቱ የሚለውን፣ በእርግጥ ካለው ሁኔታ አንጻር ሌላ ሰው ይወስንልኝ ካሉ እንረዳዎታለን፣ ደግሞም ልደብቅዎት አልፈልግም፣ አንድ ሰው ከጎደለ ጣቢያው ከቁጥር በታች ይሆናል፣ ተተኪ እስኪገኝ መኪናው ወደ ከተማ ይወሰዳል።

እስኪገኝ። ታውቃለች፣ ያውቃል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማርትሊ ላይም እስኪገኝ ነበር የተባለው፣ አሁን ማርትሊ ጣቢያ ውስጥ የውሻ ፀጉር ይቆረጣል። የተወሰደ መኪና አይመለስም። እኔ እወስናለሁ ይላል ዴንዚል፣ ሌላ ሰው አያስፈልግም።

ሎርና ክርኑን ትነካዋለች። ዴንዚል፣ ከመናገርህ በፊት፣ በማርያም ሁለት ደቂቃ ውጪ ላናግርህ፣ የፔግ ልጅ፣ ፈረሰኛዋ፣ ዛሬ ጠዋት ሱቅ መጥታ...

ሎርና፣ አልኩሽ እኮ፣ ቆይ።

የፔግ ልጅ ፈረስ ምን አገባኝ። ክርኑን ይሰበስባል። ምላሱ ላይ ያለው ቃል አንድ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲያላምጠው ሰንብቷል፣ ቀብሩ ላይ፣ የቤሪልን ቤት አመድ በአካፋ ሲያገላብጥ፣ ከአመዱ የምድጃው በር ብቻ ሲወጣ፣ ሌሊት ኮርኒሱን ሲያይ፣ ጣቢያው ይዘጋል፣ ይዘጋ፣ ለዚህ ጣቢያ ብሎ አይደል ንዳው ያላለው፣ ጣቢያው ምን መለሰለት፣ ይዘጋ፣ የውሻ ፀጉር ይቆረጥበት፣ ይህ ሰው ግን ከዚህ በኋላ በዚህ በር አይገባም፣ ፔጀር ወገቡ ላይ አያስርም፣ በመንደሩ ሲያልፍ ሰው መኪናውን እያየ ያ ነው ይበል። ሜሪክ ቀና ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ ዓይን ለዓይን ይገናኛሉ፣ የሜሪክ ዓይን ቀላ ብሏል፣ የአሳማው አቧራ ይሆናል፣ ተናገር እንግዲህ፣ አንድ ነገር በል፣ ጎማዬ ተበሳ በል፣ አሳማዬ ወለደች በል፣ ቢያንስ ዋሽ፣ እንድጮህብህ የሆነ ነገር ስጠኝ። ኩባያዋን በሁለት እጁ ይዟል።

ይሰናበት፣ ይላል ዴንዚል።

ወይዘሪት ኩዌል ራሷን ትነቀንቃለች። ዌይን ጠረጴዛውን ያያል። ሜሪክ ይነሳል፣ ፔጀሩን ከቀበቶው ይፈታል፣ የጣቢያውን ቁልፍ ከአሳማ ቤቱ ቁልፎች መሀል ነጥሎ ያወጣል፣ ጥፍሩ አጭር ነው፣ ጊዜ ይፈጅበታል፣ ማንም አያግዘውም፣ ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፣ ከዚያ ኩባያዋን ወስዶ ያጥባታል፣ ያደርቃታል፣ መደርደሪያው ላይ ይመልሳታል፣ ረጋ ብሎ፣ ቁጥሯን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ደህና እደሩ፣ ይላል። በሩ ይዘጋል፣ አሮጌው መኪና ያስላል፣ እንደገና ያስላል፣ ይነሳል፣ ይሄዳል።

አለቀ። ደስ ሊለው ይገባል፣ የሆነ ነገር ከደረቱ ሊወርድ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ አይወርድም፣ ሻዩን ፉት ይላል፣ ሁለት ስኳር፣ ልክ ነው፣ የተረገመ፣ ልክ ነው።

አሁንስ ልናገር? ትላለች ሎርና። ድምጿ ዝቅ አላለም። ወይስ አሁንም ቆይ ነው?

ተናገሪ።

የፔግ ልጅ ማክሰኞ ፈረሷን ይዛ የድሮው የወተት ጣሳ ማስቀመጫ ጋ ነበረች፣ ከዚህ ስንወጣ የምናልፍበት ኩርባ ላይ። ሜሪክ እዚያ ነበር። መኪናውን ከአጥሩ ሥር አስጠግቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መስኮቱን ከፍቶ።

ምን ሲሠራ?

እኛን ሲጠብቅ። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቆመው ብላለች፣ ከገና ወዲህ፣ ፔጀሩ በጮኸ ቁጥር፣ እኛ ስናልፍ ያያል፣ ከዚያ አዙሮ ቤቱ ይገባል። እዚህ ድረስ መጥቶ ሻዩ ላለመባል ነው እንጂ ለምን ይመስልሃል? ማክሰኞ ጠይቃዋለች፣ ሜሪክ ጭሱን አላየህም ወይ ስትለው፣ አይቻለሁ፣ አሁን ያልፋሉ፣ እነሱ አይዘገዩም አላት። አሁን ያልፋሉ እያለ ቆየ። ከኋላው የከተማው መኪና መጥቶ ሲያልፈው ነው ነገሩ የገባው። ወርዶ መንገዱ ላይ ተቀመጠ አለች። ፈረሷ ደንግጣ ነበር።

ከኩርባው እስከዚህ በር አንድ ደቂቃ አይሞላም፣ ያስባል ዴንዚል፣ ወይም የሆነ ሰው በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ያስባል፣ እዚያ ቆሞ እኛን፣ እኛ እዚህ ቆመን እሱን፣ ዛፎቹ ናቸው መሀላችን የነበሩት፣ ያን ዛፍ እያየሁ፣ ከዛፉ ወዲያ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ግን ቢዘገይስ፣ እዚያስ ዘግይቶ ደርሶ ቢሆንስ፣ መቼ ደረሰ፣ ይህን ታውቃለች ልጅቷ፣ መቼ ነው የደረሰው ይላል፣ ጮክ ብሎ።

አውቶቡሱ ኩርባው ላይ ልጆች ሲያወርድ ሜሪክ ቆሞ ነበር ብላለች።

የቱ አውቶቡስ? ይላል ዌይን።

የትምህርት ቤቱ።

ዌይን ኩባያውን ያስቀምጣል፣ ጠርዙ ላይ ነው ያስቀመጠው፣ ሊወድቅ ነው፣ ማንም አይዘውም። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ መጀመሪያ ኩርባው ላይ ይቆማል፣ ቀጥሎ ነው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ የሚቆመው፣ ማክሰኞ ዌይንን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ቆልፎ ያዘው፣ ዌይን ሦስተኛ ገባ።

ኩርባው ላይ ባይቆም ኖሮ ሦስተኛው ሜሪክ ነበር።